ፊያት «ኤንትሬ»፦ በጓሳ የሚወደድ፣ በአፋር የሚማረሩበት ጋቢና

ፊያት 682 እ.ኤ.አ በ1952 ጣሊያን ውስጥ የወጣ የጭነት መኪና ነው። ኤን 3 የተባለውን ዓይነት እኛ «ኤንትሬ» እንለዋለን፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ነው።

ሞተሩ ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነው። ከ3200 ሜትር በላይ ባለችው ጓሳ ውርጭ ሲወርድ እንደ ምድጃ ያሞቃል። አፋር በረሃ ላይ ግን ያው ሞተር ቁም ስቅል ያሳያል፤ ድምፁም ጆሮ ይደፍናል። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ያንገጫግጫል፤ መሪው ክንድ ይፈትናል።

ጓሳ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር አቅም ያጣል፤ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ማዝገም ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱም እንደዚያው። ፍሬኑን ብቻ ያመነ፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል። መኪናው ቢቀየርም ይህቺ የነባር ሾፌሮች ምክር ዛሬም ነፍስ ታድናለች።