የገቡትና የወጡት ንስሮች

በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞ አናት ላይ ከሰዎቹ ጋር ለምግብ አረፍ ባለበት አንድ ትልቅ ጆፌ አሞራ ወርዶ የፍየል ሥጋ ነጥቋቸው ሄደ። አሞራው ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ ተኩሶ ጣለው፤ ክንፉን ለካ፣ መዘነው፣ በመጽሐፉም አሰፈረው። ያኔ ወፍን ማወቅ ማለት ገድሎ መለካት ነበር። ቆጠራ የመጣው በኋላ ነው።

ደግሞስ ሰማይ ላይ ያለ ነገር እንዴት ይቆጠራል? መልሱ አበራረራቸው ላይ ነው። ንስርን የመሰለ ከባድ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ አገር አይደርስም። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ሲወጣ እሱም ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ አብሮ ይወጣል፤ ከዚያ ወደፊት ይንሸራተታል። ባሕር ላይ ይህ አየር ደካማ ስለሆነ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ፈልጎ ይሻገራል። ቆጣሪውም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በ1987 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር ገደማ ጄፍ ዌልችና ሂላሪ ዌልች ጅቡቲ ላይ ሆነው በባብ ኤል መንደብ የሚሻገሩትን ቆጠሩ፦ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች! 76 ሺህ ያህሉ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳ የሚመጣው ቡናማ ንስር፣ ስቴፕ ኢግል፣ ነበሩ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1985 የጸደይ ወራት፣ ቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ኤላት ላይ ወደ አገራቸው የሚመለሱት ስቴፕ ኢግሎች ተቆጥረው 75 ሺህ ያህል ሆኑ። ዓመቱ ይለያያል፣ ቁጥሩ ግን መንትያ ነው። በኋላ በሳተላይት የተከተሏቸው ንስሮች ነገሩን ገለጡት፦ በደቡቡ በር ገብተው በሰሜኑ ይወጣሉ፤ ቀይ ባሕርን ይዞሩታል።

በሁለቱ በሮች መሃል ያለው ቤት የእኛም ነው። ገሚሱ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ሲዘልቅ ገሚሱ የእኛን በጋ በደጋችን ላይ ያሳልፋል። ስቴፕ ኢግል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት አደጋ በተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ይገድለዋል፣ የሚራባበት ሜዳም እየታረሰ ነው። መቀነሱ የታወቀውም ስለተቆጠረ ነው።

እስቴና ጋይንት የሚጋሩት ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ለዚህ ሥራ ጠመንጃ አያሻም፤ ስለታም ዓይን፣ ደብተር፣ በየዓመቱ በየካቲት ያንኑ ጋራ መውጣት ይበቃል። የዘንድሮ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከአምናው ጋር ሲተያይ ግን ማን እንደቀረ ይነግረናል።