ከሃፍማን የቤት ሥራ እስከ ዳታቤዝ መስመር፦ የዳታ እመቃ ታሪክ



በ1951 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ) በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮበርት ፋኖ ተማሪዎቻቸውን ከማጠቃለያ ፈተናና ከጥናታዊ ጽሑፍ አንዱን አስመረጡ። ዴቪድ ሃፍማን ጽሑፉን መረጠ። የተሰጠው ጥያቄ መምህሩም ያልፈቱት ነበር። በ1952 ያሳተመው መፍትሔ፣ ለሚደጋገም ምልክት አጭር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ረጅም ኮድ ይሰጣል። በ1977 አብርሃም ሌምፔልና ጃኮብ ዚቭ ያለፈውን ሐረግ ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ኋላ የሚጠቁም ዘዴ አመጡ። ሁለቱ ተዋሕደው በ1995 በወጣው ዚሊብ ውስጥ ተካተቱ፤ ማይኤስኪውኤልም የጥያቄ ውጤቶችን አምቆ ለመላክ ዚሊብን ተጠቀመ።

የዳታቤዝ ውጤት ለእመቃ ይመቻል፤ ያው የትምህርት ክፍል ስም፣ ያው ቀን፣ ያው ባዶ ዓምድ በየረድፉ ይመላለሳል። 1 ሚሊዮን ባይት በሴኮንድ 64 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመድረስ 125 ሴኮንድ ይፈጃል። ወደ አንድ አምስተኛ ቢታመቅ 25 ሴኮንድ ይበቃዋል።

ይህን ስሌት ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ ሩቅ ቅርንጫፍ ተግባራዊ አድርጌ ተመሰገንኩ። በምስጋናው ተደፋፍሬ ሰርቨሮቹ ጎን ለጎን በቆሙበት ክፍልም እመቃው እንዲበራ አዘዝኩ። በምዝገባ ሳምንት ሥርዓቱ ተንቀራፈፈ፤ መስመሩ ፈጣን ስለነበር ፕሮሰሰሩ በማመቅና በመፍታት በከንቱ ደከመ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ደግሞም አንድ ፕሮግራም 1,000 ጥቃቅን ጥያቄዎችን ተራ በተራ ቢልክና የእያንዳንዱ ደርሶ መልስ 300 ሚሊሴኮንድ ቢወስድ፣ አምስት ደቂቃ ያልፋል። ይህን ማመቅ አያሳጥረውም፤ መታረም ያለበት ፕሮግራሙ ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ያሳሰበን ግን በ2012 የመጣው ነው። ጁሊያኖ ሪዞና ታይ ዱኦንግ ክራይም የተባለውን ጥቃት ይፋ አደረጉ። ምስጠራ ይዘትን እንጂ ርዝመትን አይሰውርም። አጥቂው ግምቱን ከምስጢሩ ጋር በአንድ መልእክት ማስገባት ከቻለ፣ ግምቱ ሲገጥም የታመቀው መልእክት ያጥራል፤ እጥረቱም ምስጢሩን ያጋልጣል። ስለዚህ በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 እመቃን አስወገደ፤ በ2021 የወጣው ፖስትግሬስ 14ም በኤስኤስኤል በኩል ይደረግ የነበረውን እመቃ አነሣ። ማይኤስኪውኤል ግን በ2019 ዚስታንዳርድን በዚሊብ ላይ ጨመረ።

ሁለቱ የመረጡትን መንገድ ምክንያት መርምራችሁ፣ ለግቢያችን መስመር የትኛው እንደሚስማማ በሚቀጥለው ሳምንት አስረዱኝ።