የፕላዝማው ትውልድ እና የሐዋሳው ፓርክ

በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ ሐዋሳ ውስጥ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደብኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠበቀኝ። ቁልፉ በክፍል አለቃው እጅ ነበር። ከመካከላችን ያን የሚያክል ቴሌቪዥን ቤቱ ያለው ተማሪ አልነበረም። ዛሬ ዕድሜያችን ሠላሳን ያለፈው እኛ "ፕላዝማ" የምንለው እሱን ነው።

ሰሞኑን ስለ ዲጂታል ትምህርት፣ ስለ ኮደርስ፣ ስለ ኦንላይን ፈተና በተወራ ቁጥር ያ የብረት ሳጥን ትዝ ይለኛል። ነገሩ አዲስ አይደለማ! አገራችን ይህን መንገድ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምራዋለች።

መነሻው ምን ነበር? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤቶች በብዛት ተከፈቱ፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚገባው ተማሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆነ። በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ የሠለጠነ መምህር ግን በዚያ ፍጥነት አይፈጠርም። መንግሥት አቋራጭ አገኘ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ፣ ከ1997 ጀምሮ በሳተላይት በየክፍሉ ይሠራጭ ጀመር። ሞያሌም ሆነ ሐዋሳ፣ ጎንደርም ሆነ ጅማ፣ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት። የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር፦ ጥራትን ለሁሉም ማዳረስ፣ ልጆቻችንንም ከዓለም ገበያ ጋር የሚወዳደሩ ማድረግ።

አሠራሩን ላላየው ልንገረው። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቴሌቪዥኑ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ የተረፈችውን መምህሩ ይወስዳል። ሥርጭቱ ቀጥታ ነው። ማቆም የለም፣ መመለስ የለም። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ፤ መብራት ሲመጣ አቅራቢው ምዕራፉን ጨርሶ ይጠብቀናል። ጄኔሬተር ያላቸውም ነዳጅ መኖር ነበረበት።

እኛን እስከ ዛሬ የሚያስቀን ግን ሌላ ነው። አቅራቢው ጥያቄ ይጠይቅና በደብተራችሁ ሥሩት ይላል፤ በስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ "በጣም ጎበዞች!" ብሎ ያመሰግነናል። ስልሳ ተማሪ እርስ በርስ እንተያያለን። አንድ ቀን አንዱ የክፍላችን ልጅ "ቲቸር፣ ሰውዬው ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። የፊዚክስ መምህራችን፣ የተከበሩ አዋቂ ሰው ነበሩ፣ "እኔም እንደ እናንተ ነው የሰማሁት" አሉና ጥቁር ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ቴሌቪዥኑ ከበላያቸው እያወራ። ያን ቀን ፊዚክስ ገባን።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፕላዝማው ያስተማረን ነገር አለ። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል አሮጌ ወንበር ማከማቻ ነበር። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ቀለም ሲቀየር በዓይኔ ያየሁት በፕላዝማ ነው። እንግሊዝኛ በተፈጥሯዊ አነጋገር የሰማሁትም እዚያ ነው። መሣሪያው ክፉ አልነበረም። ችግሩ የመምህሩ አጋዥ ሆኖ ሳይሆን ተተኪ ሆኖ መምጣቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የመጣ ሰው ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆነ። ተማሪውም ይህን አየ፤ መምህሩን መናቅ ጀመረ።

የቋንቋውን ነገር ደግሞ ማለፍ አይቻልም። በእኛ አካባቢ ብዙው ልጅ በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ጀምሮ አምስተኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይዛወር ነበር። በ1999 ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናው ጥናት፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ጥናቱ ሲወጣ እኛ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸውን እንግሊዝኛ ስናሳድድ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላም አቋራጭ ተሞክሯል። የኤም.አይ.ቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" ባለው ፕሮጀክት ጥቂት ሺህ ትናንሽ ላፕቶፖች ወደ አገራችን ገቡ። በ2004 ደግሞ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ለማያውቁ ልጆች ያለ መምህር ታብሌት ተሰጣቸው። ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ። ዓለም ተደነቀ። የእኔ አስተያየት፦ የኢትዮጵያ ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ታብሌት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። የዓለም ኢኮኖሚ በቴሌቪዥን ሳይሆን በአካል የመጣው ሐምሌ 6 ቀን 2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ነው። ቻይናዎች በወራት ውስጥ ሠሩት፤ ፒቪኤችን የመሰሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ገቡ፤ እስከ 60 ሺህ የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተባለ። አብረውኝ ከተማሩት ሴቶች ታናናሽ እህቶች፣ ከገጠር ሲዳማና ከወላይታ ከመጡ ብዙ ሺህ ልጆች ጋር፣ እዚያ ተቀጠሩ። ለዓለም ገበያ ታዘጋጃላችሁ ሲባሉ በእንግሊዝኛ ፊዚክስ የተማሩ ልጆች ናቸው። ገበያው ሲመጣ የፈተነው የጣታቸውን ቅልጥፍና ነው። መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ባወጡት ሪፖርት በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ብለውታል። በ2014 ፒቪኤች ወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ አጎዋን ከለከለችን። በእነዚያ ወራት መናኸሪያ አካባቢ ሻንጣ ይዘው የሚጠብቁ ልጃገረዶች ብዙ ነበሩ።

ቀጥሎ የፈተናው ነገር መጣ። የ2008ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። በ2015 ጥቅምት ተማሪው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን ሲደረግ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ ግማሽ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። ቀጥሎ 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። በመጀመሪያው ዙር አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። ብዙዎች ተማሪውን ሰደቡ። ከተፈታኞቹ ብዙዎቹን በአንደኛ ደረጃ ያስተማሯቸው ግን እኛ ነን፣ የፕላዝማ ተማሪዎች። ከክፍላችን አሥረኛን ወድቀው ወይም በትንሽ ነጥብ አልፈው መምህራን ኮሌጅ የገቡት ጥቂት አልነበሩም። ያልገባን ነገር ነው የተላለፈው።

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ሆኗል። በዚያው ዓመት "5 ሚሊዮን ኮደርስ" ተጀመረ። ሁለቱንም አልቃወምም፤ የፈተና ስርቆትን የሚቀንስ ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በጀት ሲመደብ ስንት ኮምፒውተር ተገዛ የሚለው ይነገረናል፤ ስንት የፊዚክስ መምህር የቤት ኪራዩን ችሎ ከተማው ውስጥ ቆየ የሚለው አይነገረንም። የማውቃቸው ሁለት ጎበዝ መምህራን ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ።

ባለፈው ዓመት የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ለሥራ ጉዳይ አይቼው ነበር። የብረት ሳጥኑ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ቴሌቪዥኑ የለም። ውስጡ ጠመኔና ዳስተር ተቀምጦበታል። በሩ ሳይቆለፍ ክፍት ነበር።