የገብሱ ከንቲባ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ ቦን ሲገቡ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ምዕራብ ጀርመንን በይፋ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርዕሰ ብሔር ነበሩ። ያኔ መንግሥቱን የሚመሩት ኮንራድ አደናወር 78 ዓመታቸው ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ጉንጫቸው የተሰረጎደ፣ ፊታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ የተወጠረ ነው። የእርጅና ሥራ ብቻ አይደለም፤ ያ ፊት ከ37 ዓመት በፊት ከትራም ጋር ተጋጭቷል።

ዓለም የሚያውቃቸው በመራሔ መንግሥትነታቸው ነው። እኔ ግን ሰውየው የተሠሩት ኮሎኝ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

በ1876 እዚያው ኮሎኝ ተወለዱ፤ አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሕግ ተምረው በአንድ እውቅ ጠበቃ ቢሮ ተቀጠሩ። ስለ ጥብቅናቸው ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ዕድላቸው ቀጣሪያቸው ነበሩ፤ ሄርማን ካውዘን በከተማው ምክር ቤት የማዕከል ፓርቲ መሪም ናቸው። በ1906 ከምክትል ከንቲባዎቹ የአንዱ ወንበር ክፍት ሆኖ ካውዘን ሌላ ሰው ሲያስቡ፣ የ30 ዓመቱ አደናወር አለቃቸው ዘንድ ገብተው እኔስ ከእሱ በምን አንሳለሁ አሉ። ወንበሩን አገኙት።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የከተማው ቀለብ በእሳቸው እጅ ወደቀ። ስንዴና አጃ እየጠፋ ሄደ። አደናወር ከሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች ጋር ሆነው በበቆሎ፣ በገብስና በሩዝ ዱቄት ዳቦ ጋገሩና በ1915 ፓተንት አወጡበት። በቆሎው ከሩማንያ ነበር የሚመጣው፤ በ1916 ሩማንያ ከጠላት ጋር ስትሰለፍ ዳቦውም አበቃ። ቀጥለው አኩሪ አተር ያለበት ቋሊማ ፈለሰፉ። የጀርመን ደንብ ግን እንዲህ ያለውን ቋሊማ ብሎ አይቀበልም ነበር፤ ፓተንቱን ያገኙት ከእንግሊዝ ነው፣ ያውም በ1918፣ ሁለቱ አገሮች ገና ሲዋጉ! የኮሎኝ ሕዝብ በበኩሉ በየቀኑ የሚታደለው ፍትግ ገብስ አንገፍግፎት ነበርና፣ ፍትግ ገብስ በጀርመንኛ «ግራውፐን» ስለሚባል ሰውየውን «ግራውፐናወር» ብሎ ሰየማቸው።

በማርች 1917 የተሳፈሩባት የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከትራም ጋር ተላተመች። የጉንጫቸው አጥንት ተሰበረ፣ ጥርሳቸው ረገፈ። ሚስታቸው ከሞቱ ገና ወራት ነበር። በዚያው ዓመት የከንቲባው ቦታ ክፍት ሲሆን የምክር ቤት ሰዎች ወደሚያገግሙበት ሳንክት ብላዚየን ሄዱ፤ ሰበቡ ጥየቃ፣ ጉዳዩ ግን አእምሯቸው ደህና መሆኑን ማየት ነበር። ሴፕቴምበር ላይ በ41 ዓመታቸው ከንቲባ ተደረጉ።

ከጦርነቱ በኋላ በቬርሳይ ውል መሠረት የከተማዋ ምሽጎች መፍረስ ነበረባቸው። ባለ መሬቶቹ ቤት ሊሠሩበት ቋመጡ፤ ከንቲባው ግን ሕጉን ይዘው ተሟገቱና ቦታውን ከተማዋን የሚከብ የዛፍ ቀበቶ አደረጉት። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲም በ1919 ዳግም ተከፈተ።

የኮሎኙ የሙልሃይም ድልድይ ነገርማ ሳይነገር አይታለፍም። የውድድሩ ዳኞች ባለ ቅስት ድልድይ መረጡ፤ ከንቲባው የፈለጉት በገመድ የተንጠለጠለ ነው። ድምፅ ሲጎድላቸው፣ በኋላ ራሳቸው እንዳወጉት፣ ኮሚኒስቶቹን ጠርተው የሌኒንግራድ ውበት የተንጠለጠሉት ድልድዮቿ ናቸው አሏቸው። ኮሚኒስቶቹም ድምፃቸውን ሰጡ። በዘመኑ በሌኒንግራዱ የኔቫ ወንዝ ላይ የነበሩት ትላልቅ ድልድዮች ግን ለመርከብ የሚከፈቱ እንጂ የተንጠለጠሉ አልነበሩም። ድልድዩ በ1929 ተመረቀ።

ይህ ሁሉ በብድር ነው የተሠራው፤ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ዕዳው ከተማዋን አጎበጣት። እሳቸውም በአክሲዮን ቁማር የግል ሀብታቸውን አጥተዋል። በ1929 መጨረሻ ዳግም የተመረጡት ለጥቂት ነው።

በፌብሩዋሪ 1933 ሂትለር ለቅስቀሳ ሲመጣ አደናወር አልተቀበሉትም፤ በራይን ድልድይ ላይ የተሰቀለውን የናዚ ባንዲራም አስወረዱ። በማርች ተባረሩና የትምህርት ቤት ጓደኛቸው አበምኔት በሆኑበት በማሪያ ላህ ገዳም ተጠለሉ። ይህን ጀግንነት ብቻ የሚተርኩ አሉ። በ1934 ግን ጡረታቸውን ለማስከበር ለአንድ ሚኒስትር በጻፉት ደብዳቤ የናዚን ፓርቲ ሁልጊዜ በአግባቡ አስተናግጃለሁ፣ ባንዲራውም ቦታ ተቀየረለት እንጂ አልተነካም ዓይነት መከራከሪያ አቅርበዋል። የቀድሞው ጠበቃ እዚህ ላይ ብቅ ይላሉ።

በ1945 አሜሪካኖች ወንበራቸውን መለሱላቸው። ከሦስት ሩብ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበረባት ከተማ ፍርስራሽ ሆና፣ በምዕራቡ ዳርቻ የቀረው 40 ሺሕ ገደማ ሰው ነበር። ተከትለው የመጡት እንግሊዞች ለማገዶ የዛፍ ቀበቶው ይቆረጥ ሲሉ እምቢ አሉ፤ ይልቅ ከሰል አምጡ አሏቸው። ኦክቶበር 6 ቀን ብሪጋዴር ባራክላፍ አስጠርተው የስንብት ደብዳቤ ሰጧቸው፦ ፍርስራሹን በማንሳትና ከተማዋን ለብርዱ ወራት በማዘጋጀት ረገድ ግዴታዎን አልተወጡም፣ ፖለቲካ ተከልክለዋል፣ ከተማዋንም ይልቀቁ። 69 ዓመታቸው ነበር።

ክልከላው ብዙ አልቆየም። በ1949 አዲሱ ፓርላማ መራሔ መንግሥት ሊመርጥ ሲቀመጥ፣ ለማሸነፍ 202 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አደናወር ያገኙት 202 ሲሆን፣ አንዱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው።