አቀናባሪውና «ንጉሡ»፦ ፍሌቸር ሄንደርሰን በስዊንግ ዘመን ታሪክ



በአገራችን የዘፈን ካሴቶች ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚሉ ቃላት ሰፍረው እናገኛለን። አድማጩ የድምፃዊውን ስም ያስታውሳል፤ የአቀናባሪውን ስም ግን የሚያነበው ጥቂቱ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህ ዕጣ በአንድ የሙዚቃ ዘመን ሁሉ ላይ ስለደረሰበት አሜሪካዊ የባንድ መሪ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በተለመደው ትረካ የስዊንግ ዘመን የተጀመረው ኦገስት 21 ቀን 1935 ቤኒ ጉድማን በሎስ አንጀለስ ፓሎማር አዳራሽ ባቀረበው ዝግጅት ነው። ወጣቱ ጎረፈ፤ ጋዜጦች ጉድማንን «የስዊንግ ንጉሥ» አሉት። በሙዚቀኞቹ ፊት ከተዘረጉት ኖታዎች ውስጥ ግን ዋና ዋናዎቹን የጻፈው ፍሌቸር ሄንደርሰን ነበር።

ሄንደርሰን በ1897 በጆርጂያ ግዛት ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ እናቱ የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ። በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1920 ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ በዚያው ሙያ ሊገፋ አስቦ ነበር። ለጥቁር ኬሚስት የሚከፈተው በር ግን እጅግ ጠባብ ነበር። ስለዚህ በአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ቤት አዳዲስ ዘፈኖችን በፒያኖ እየተጫወተ ለገዢ ማስተዋወቅ ጀመረ። ቀጥሎም ብላክ ስዋን በተባለው በጥቁሮች የተቋቋመ የሸክላ ኩባንያ የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ፤ በ1924 ደግሞ ባንዱን ይዞ ሮዝላንድ በተባለው የኒው ዮርክ የዳንስ አዳራሽ ገባ። በዚያ ጥቁሮች ይጫወታሉ፤ የሚደንሱት ነጮች ናቸው።

በዚያው ዓመት ሉዊ አርምስትሮንግ ባንዱን ተቀላቅሎ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። በትራምፔቱ ያሳየው የምት ነፃነት ለባንዱ አንድ ጥያቄ አስነሣ፦ የአንድ ሰው ትንፋሽ የፈጠረውን ነፃነት ለአሥርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች በኖታ መጻፍ እንዴት ይቻላል? መልሱን መፈለግ የጀመረው የባንዱ አቀናባሪ ዶን ሬድማን ነው። ሳክስፎንና ክላርኔቶችን በአንድ ወገን፣ ትራምፔትና ትሮምቦኖችን በሌላ ወገን አሰልፎ፣ አንዱን አውጪ፣ ሌላውን ተቀባይ አደረጋቸው፤ በመካከላቸውም ለነጠላ ተጫዋች ቦታ ተወ። ሬድማን በ1927 ባንዱን ሲለቅ ዘዴው ቀረ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሄንደርሰን ራሱ ብዕሩን ሲያነሣ ሐረጎቹን አሳጠረ፤ አጻጻፉንም አቀለለ። ስለዚህም ቅንብሩ ሌላ ባንድም አንብቦ ሊጫወተው የሚችል ሆነ።

በ1934 ግን ባንዱ በገንዘብ ችግር ተበተነ። ጉድማን በበኩሉ በኤንቢሲ ሬዲዮ ሳምንታዊ የዳንስ ዝግጅት ላይ ሥራ አግኝቶ አዳዲስ ቅንብሮች ይፈልግ ነበር፤ ከሄንደርሰን ገዛ። «ኪንግ ፖርተር ስቶምፕ»ን ሄንደርሰን በ1928 በሸክላ አስቀርጾት ነበር፤ በ1935 ግን የጉድማን ሸክላ ሆኖ አገር አዳረሰ።

ታዲያ ጉድማን ሌባ ነውን? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ጉድማን ከፍሏል፤ የሄንደርሰንንም ውለታ በአደባባይ መስክሯል፤ በ1939ም በፒያኖ ተጫዋችነትና በአቀናባሪነት ቀጥሮታል። ሄንደርሰንም ቢሆን ሁሉን ከራሱ አላመነጨም። የ«ኪንግ ፖርተር» ዜማ የጄሊ ሮል ሞርተን ነው፤ ዘዴው የሬድማን፣ የምቱ ስሜት የአርምስትሮንግ ዕዳ አለበት። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ከጣልነው ትልቁን ነገር እንስታለን።

ትልቁ ነገር ይህ ነው። የጥቁሮች ባንዶች ከምሽት ክበቦች በሬዲዮ ይሰሙ ነበር፤ ነገር ግን በንግድ ድርጅት ወጪ የሚቀርበው ቋሚ ዝግጅት በአብዛኛው ለእነርሱ ዝግ ነበር፤ የታላላቆቹ ሆቴሎች አዳራሾችም እንዲሁ። በሌላ አነጋገር፣ የሄንደርሰን ወረቀት በሚገባበት በር ሄንደርሰን ራሱ ከነባንዱ አይገባም ነበር። ግዢው ሕጋዊ፣ ገዢውም አመስጋኝ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ፍትሕ የጎደለው ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በባህል ታሪክ ውስጥ ጥቂት ነው።

የሄንደርሰንን የግል ድክመት አልክድም። በንግዱ በኩል ቸልተኛ፣ ሰውን ለመቆጣጠርም የሚያመነታ መሪ ነበር። ሆኖም በ1936 «ክሪስቶፈር ኮሎምበስ» በተባለው ሸክላ ዝና ቢያገኝም ባንዱን ለረጅም ጊዜ ማቆየት አልቻለም፤ ይህን በጠባዩ ብቻ መተርጎም የተዘጉትን በሮች መርሳት ይሆናል። በ1950 ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሽባ ሆነ፤ በ1952 መጨረሻ አረፈ። በ1961 ኮሎምቢያ ሥራዎቹን ሰብስቦ ሲያወጣ ለስብስቡ የሰጠው ርእስ ሕይወቱን የከሸፈ ምኞት ጥናት አድርጎ የሚያቀርብ ነው።

ይህን ርእስ ግማሽ እውነት እለዋለሁ። የከሸፈው የመሪነት ሥራው ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ አንድ የጃዝ ባንድ ሳክስፎኖቹን አውጪ፣ ትራምፔቶቹን ተቀባይ አድርጎ ሲያሰልፍ የእርሱንና የሬድማንን ሰዋስው ይናገራል፤ ስማቸውን ባያውቅም።

ተማሪዎቼ፣ የአንድን ዘመን «ንጉሥ» ስታጠኑ ሁለት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ በፊቱ የተዘረጋውን ማን ጻፈው? ጸሐፊው በዚያ ቦታ እንዳይቆም ያደረገውስ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ስም ያስገኝላችኋል፤ ታሪክ የሚሆነው ግን የሁለተኛው መልስ ነው።