ብግነት፦ ሲቆጣ የሚጠገን አካል

ብግነት ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት ነው፤ «በገነ» ከሚለው ግስ የወጣ። በየቤቱ «ቁስሉ ተቆጣ» የሚባለውም ይኸው ነው። አካል ሲቆረጥ፣ ሲቃጠል ወይም ጀርም ሲገባበት የሚሰጠውን የመጀመሪያ ምላሽ ይገልጻል።

በአሰላ ዙሪያ፣ ኮምባይነር በማይወጣው ተዳፋት ላይ፣ ስንዴና ገብስ ዛሬም በማጭድ ይታጨዳል። ማጭዱ ጣት ከቆረጠ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። በቁስሉ ዙሪያ ያሉ ህዋሳት ሂስታሚንና ፕሮስታግላንዲን የመሳሰሉ ኬሚካሎች ይለቃሉ። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይሞቃል። ግድግዳቸው ስለሚላላም ፈሳሽ ይሰርጋል፤ ጣቱ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ኬልሰስ እነዚህን አራት ምልክቶች የመዘገባቸው ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በመግታት ነው።

ከፈሳሹ ጋር ነጭ የደም ህዋሳት ይደርሳሉ። ኒውትሮፊሎች በሰዓታት ውስጥ መጥተው ባክቴሪያ ይውጣሉ፤ የሞቱት መግል ውስጥ ይገኛሉ። በሁለት በሦስት ቀን ማክሮፋጆች ይተኳቸዋል፤ ፍርስራሹን ጠርገው ጥገናውን ያስጀምራሉ። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ህዋሳት ደግሞ ኮላጅን ያመርታሉ። ከቅርፊቱ ሥር ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ ይሞላል፤ ቁስሉ ይጠግጋል። ጠባሳው ለወራት ቢጠነክርም ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ገደማ አያልፍም።

ስለዚህ ያበጠ ሁሉ ኢንፌክሽን ይዞታል ማለት አይደለም። ወለምታ ቆዳ ሳይቀደድ፣ ጀርም ሳይገባ ያብጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጌሻ በኃይል ሲያሸው ግን የተጎዳው እንደገና ይደማል፤ እብጠቱም ይብሳል። ጡንቻ ላይ የቀረ ጠባሳም እንደ ጡንቻ አይኮማተርምና ጉዳቱ ሳይድን ለመመለስ መጣደፍ ዋጋ ያስከፍላል። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በእ.ኤ.አ. 2010 ባቱን ተጎድቶ ከትራክ ከራቀ በኋላ፣ በመስከረም 2011 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:43.16 አሸነፈ። እስከዚያ ግን ረጅም ጊዜ መጠበቅ ነበረበት።

ጤናማ ብግነት በቀናት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። መቅላቱ እየሰፋ፣ ሕመሙ እየጠና፣ መግልና ትኩሳት ከተከተለ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አፈር የነካው ማጭድ ከቆረጠ ደግሞ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ምልክት ሳይጠብቁ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ ይገባል።