የሕንፃ መቆጣጠሪያዎች ውሕደት፤ ታሪኩና ለወልድያ ያለው ትርጉም

በሀብሩ ወረዳ፥ በመርሳ አካባቢ፥ የመስኖ ውኃ ሲከፋፈል የኖረው በውኃ አባት አማካይነት ነው። ተራውን የሚመድበው፥ ጠብ ሲነሣም የሚዳኘው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የማሳውን ቦይ ከፍቶ የሚዘጋው ባለማሳው ራሱ ነው፤ ተራውንም ያውቃልና የውኃ አባቱ ባልተገኘበት ቀን ማሳው ውኃ አያጣም። «ብልህ ሕንፃ» ለተባለው ሥራ መሐንዲሶች የደከሙበት ጥያቄም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ማዕከል ሲታዘዙ፥ ማዕከሉ ዝም ባለ ጊዜ እያንዳንዱ ምን ይሠራል?

ታሪኩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን መምህር የነበረው ዋረን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 ባስመዘገበው ፈጠራ፥ የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥ በምድር ቤት ላለው እሳት አንዳጅ ደወል ይደወልለት ጀመር። ከዚያም በቀጭን ቱቦ የሚላክ የታመቀ አየር የሰውየውን እጅ ተካ። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ ኃይል የመቆጠብ ግዴታ ኮምፒውተርን በየሕንፃው አስገባ፤ በ1984 በሃርትፎርድ ከተማ የተከፈተው ሲቲ ፕሌስም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብልህ ሕንፃ ተብሎ ይጠቀሳል።

ነገር ግን መሣሪያዎቹ አይግባቡም ነበር። ጢስ ጠቋሚው እሳት ሲያሳውቅ የአየር ማዘዋወሪያው መቆም፥ አሳንሰሩም ወደ መውጫው ፎቅ መውረድ ይገባዋል፤ ሦስቱን የሠሩት ፋብሪካዎች ግን የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ይህን ችግር ለመፍታት የተነሣው የሙያ ማኅበር ነው። የአሜሪካ የማሞቂያ፥ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር በ1987 ያቋቋመው ኮሚቴ ስምንት ዓመት ተከራክሮ፥ ባክኔት የተባለውን የጋራ ቋንቋ በ1995 አወጣ፤ በ2003ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። እንግዲህ ውሕደት ከመሣሪያ አስቀድሞ ስምምነት ነው።

በአገራችንም ጥያቄው ደርሷል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀውን፥ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የመሰለ ሕንፃ፥ ዘበኛ በየፎቁ እየዞረ መብራት በማጥፋት ሊያስተዳድረው አይችልም። በወልድያም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው ስታዲዮም ትልቅ ግንባታ ወደ ክፍለ አገር ከተማ መድረሱን አሳይቷል።

ወልድያ ግን ሌላም ትምህርት ሰጥታለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዪቱ በጦርነቱ ውስጥ ስትወድቅ የኤሌክትሪክና የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕውቀቱ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር የተከማቸበት ሕንፃ ድንጋይና መስታወት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፓምፑ በእጅ የሚነሣ፥ የመውጫው በር ኃይል ሲጠፋ ራሱን የሚለቅ፥ ጢስ ጠቋሚው የራሱ ባትሪ ያለው ሕንፃ ግን የተጠለለበትን ሰው ያገለግላል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ከተማ ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያ ሁለት ነገር በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል፦ መሣሪያዎቹ በጋራ ቋንቋ እንዲነጋገሩ፥ ማዕከሉ ሲጠፋም እያንዳንዱ የሚፈጽመው ተግባር በግልጽ እንዲታወቅ። የመጀመሪያው ከሌለ ሕንፃው የአንድ ፋብሪካ ጥገኛ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሌለ ደግሞ የአደጋው ቀን ሲመጣ ለሰዎቹ አይደርስላቸውም። የሀብሩ ገበሬ በቦዩ ላይ ያጸናውን ሥርዓት መሐንዲሱ በሽቦው ላይ ሊያጸናው ይገባል።